ቻይና በዕረፍቷ ሰዓት

በአገራችን ስለ ቻይና ሕዝብ ሲነሣ አስቀድሞ በኅሊናችን የሚሣለው የሥራ ሰው ነው፤ ቢጫ የራስ ቍር ደፍቶ በጠራራ ፀሐይ ከመንገድ ዳር የቆመ፣ መሬቱን ሲለካና ሲያስለካ የሚውል፣ ልጆችም ከሩቅ ባዩት ጊዜ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ የሚጣሩት ሰው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ2015 የተመረቀው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ በእነዚሁ ሰዎች እጅ የተሠሩ ናቸውና፣ ሕዝቡን በሥራው ማወቃችን ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድን ሕዝብ በሥራው ብቻ ያወቀ ሰው እኩሌታውን አላወቀም ብዬ አምናለሁ፤ ሌላው እኩሌታ የሚገለጠው ሥራው ከቆመ በኋላ፣ ሰዎቹ ወንበር ስበው፣ ሻይ ቀድተው፣ ወዳጅ ጠርተው በተቀመጡበት ሰዓት ነውና። እኔም በቻይና ምዕራብ፣ በሲቹዋን ክፍለ ሀገር ርእሰ ከተማ በቼንግዱ እየኖርሁ ሳስተውለው የቈየሁት ይህንኑ የዕረፍት ሰዓት ስለ ሆነ፣ ለዚህ ቻናል ወዳጆች ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቼንግዱ ሰው በቻይናውያን በራሳቸው ዘንድ ሳይቸኩል በመኖሩ የታወቀ ነው፤ የሰሜኑም የባሕር ጠረፉም ሰው ስለ እርሱ ሲያወራ አንድ ጊዜ ይወቅሰዋል፣ አንድ ጊዜ ይቀናበታል። የዚህን ጠባይ ምንጭ ለመፈለግ ብዙ ርቆ መሄድ አያሻም፤ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምዕራብ በሚን ወንዝ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ256 ዓመት ግድም ሊ ቢንግ የተባለ አገረ ገዥ ያሠራውን የመስኖ ሥራ ማየት ይበቃል። ሊ ቢንግ ወንዙን በግድብ አልዘጋውም፤ በመካከሉ ረጅም መክፈያ ሠርቶ ውሃውን በሁለት ከፈለው፣ ኮረብታውንም አስፈልፍሎ አንዱን ክፍል ወደ ሜዳው መራው፤ በዚህም ጎርፉ ሲበረታ ትርፉ ውሃ በዋናው ወንዝ እንዲያልፍ፣ ውሃው ሲያንስም እርሻው እንዳይጠማ አደረገ። ዱጂያንግየን የሚባለው ይህ ሥራ ከ2,200 ዓመት በላይ ቈይቶ ዛሬም ያን ሰፊ ሜዳ ያጠጣል። ዝናብ ይመጣ ይሆን ወይስ ይቀር ይሆን እያለ ሰማይ ሰማይ ሲያይ መኖር የቀረለት ገበሬ፣ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ገብቶ ቢቀመጥ የሚያስደንቅ አይደለም። በእኔ አስተያየት የቼንግዱ ዕረፍት የስንፍና ልጅ ሳይሆን የጥንት ታላቅ ሥራ ፍሬ ነው።

ውሃው እንዲህ ሲትረፈረፍላቸው ፀሐይ ግን ትሰስትባቸዋለች። ከተማዋ በተራሮች በተከበበ ረባዳ ምድር ላይ ስለ ተቀመጠች ደመናው ብዙ ቀን ሳይገለጥ ይቈያል፤ የዚህ አገር ውሾች ፀሐይ በወጣች ጊዜ እንግዳ ነገር ያዩ መስሏቸው ይጮኻሉ የሚል ጥንታዊ አባባልም አላቸው። በብርዱ ወራት ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ብቅ ያለች እንደ ሆነ፣ የቢሮው ሠራተኛ የምሳ ሰዓቱን ተጠቅሞ፣ አያት የልጅ ልጇን አስከትላ፣ ተማሪው መጽሐፉን ይዞ ወደ መናፈሻው ይጎርፋሉ፤ በሣሩም ላይ ጨርቅ ዘርግተው ፊታቸውን ወደ ላይ አቅንተው ይጋደማሉ። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ካላት አገር ለመጣ ሰው፣ ለፀሐይ እንዲህ ያለ አኰቴት ሲቀርብ ማየት ልብን ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

መናፈሻ ያልሁት በከተማዋ መካከል ያለውንና «የሕዝብ መናፈሻ» የሚባለውን ነው። የተከፈተው በ1911 ሲሆን፣ በውስጡ አንድ ረጅም ሐውልት ቆሟል፤ ታሪኩም ከባቡር ሐዲድ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊያውቀው ይገባል። በዚያው ዓመት የቺንግ ሥርወ መንግሥት፣ የሲቹዋን ሕዝብ ከገዛ ገንዘቡ አዋጥቶ አክሲዮን የገዛበትን የባቡር ሐዲድ ወርሶ፣ ሥራውን ከውጭ አገር ባንኮች በሚገኝ ብድር ለማስኬድ በተነሣ ጊዜ፣ ሕዝቡ ሱቁን ዘግቶ፣ ትምህርት ቤቱን አቁሞ ተቃወመ፤ ብዙዎችም ወደቁ። ያ ቍጣ ሌላውን ክፍለ ሀገር ሁሉ ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ሆነና፣ በ1912 መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ዙፋኑን ለቀቀ። ሐውልቱ የቆመው በ1913 ለእነዚያ ሰማዕታት መታሰቢያ ነው። ስለ ሐዲድ የሞቱት ሰዎች መታሰቢያ ባለበት በዚያው ቅጥር፣ የእነርሱ የልጅ ልጆች የቀርከሃ ወንበር ላይ ደገፍ ብለው ሻይ ይጠጣሉ፤ እኔም ይህን ቦታ የምወደው ሥራና ዕረፍት ጎን ለጎን ስለሚታዩበት ነው።

የሻይ ቤቱ ስም ኸሚንግ ይባላል፤ ከ1923 ጀምሮ በዚያ ስፍራ አለ። ሻዩ የሚቀርበው ሦስት ክፍል ባለው ዕቃ ነው፤ ጽዋ፣ ከሥሩ ማስቀመጫ፣ ከላዩ ክዳን። ክዳኑ የሰማይ፣ ማስቀመጫው የምድር፣ በመካከል ያለው ጽዋ ደግሞ የሰው ምሳሌ ነው ብለው ያስተምራሉ፤ የአገራችን የአንድምታ መምህራን ቢሰሙት «እንዲህም ይሆናል» ብለው የሚቀበሉት ትርጓሜ ይመስለኛል። ቅጠሉ ጽዋው ውስጥ እንዳለ ነውና፣ ጠጪው በክዳኑ ጠርዝ ቅጠሉን ገፋ እያደረገ ፉት ይላል፤ ውሃው ሲያልቅ ክዳኑን አንሥቶ ከጎን ካስቀመጠው አስተናጋጁ ያለ ጥሪ መጥቶ ይሞላለታል። አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ቅጠሉ ጣዕሙን እስኪጨርስ፣ ከፈለገም እስከ ምሽት ድረስ መቀመጥ መብቱ ነው፤ ተነሥ የሚለው፣ በግንባሩም የሚያስታውቀው የለም። በአንዱ ጠረጴዛ ማህጆንግ ይጫወታሉ፣ በሌላው ስለ ልጅ ጋብቻ ይመካከራሉ፣ በሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። በመካከሉም ጆሮ ጠራጊዎች፣ ብረታቸውን እያንቀጨጨሉ መምጣታቸውን እያሳወቁ ይዘዋወራሉ፤ መሣሪያቸው ቀጭን ማንኪያ፣ የላባ ብሩሽ፣ ሲነኩት የሚንዘረዘር ብረትም ነው። ደንበኛው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ በፍጹም እምነት ጆሮውን ይሰጣቸዋል። በብዙ ሺህ ሰው መካከል ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ለማያውቀው ሰው የሚሰጥ ሕዝብ፣ ከተማውን እንደ ቤቱ የሚያይ ሕዝብ ነው።

ስለ ሙቅ ውሃ ጥቂት ሰፋ አድርጌ መናገር እወዳለሁ፤ ይህን ያልተረዳ የቻይናን ቤት አልተረዳምና። በምግብ ቤት ከምግቡ በፊት የሚቀርበው ሙቅ ውሃ ወይም ሻይ ነው፤ በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በባቡር ጣቢያ የፈላ ውሃ የሚቀዳበት ቧንቧ ተዘጋጅቷል፤ ሕፃን ከአረጋዊ ሳይለይ እያንዳንዱ ሰው ሙቀት የሚይዝ ኮዳውን ይዞ ይዞራል። ጉንፋን የያዘው ሙቅ ውሃ ጠጣ ይባላል፤ ሆዱን የቈረጠው፣ ያዘነው፣ የደከመውም እንዲሁ። ወጣት ሴቶች የወንድ ጓደኞቻቸው ለማንኛውም ጭንቅ የሚሰጡት ምክር ይኸው አንድ ብቻ መሆኑን እያነሡ ይሳሳቃሉ። ልማዱ ሁለት ሥር አለው። አንደኛው፣ የጥንቱ ሕክምናቸው ቀዝቃዛ ነገር ሆድን ይጎዳል፣ ሙቀት ግን ደምን ያንሸራሽራል ብሎ ማስተማሩ ነው፤ ሁለተኛው ግን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። ኮሌራና የአንጀት በሽታ ብዙ ሕዝብ ይፈጅ በነበረበት ዘመን፣ በተለይም በ1952 ከተጀመረው አገር አቀፍ የጤና ዘመቻ ወዲህ፣ መንግሥት የፈላ ውሃ እንዲጠጣ አጥብቆ አስተማረ፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩም የውሃ ማፍያ አቆመ። ማገዶ ውድ ነበርና ብዙ ቤተ ሰብ ፔርሙሱን አንጠልጥሎ ከሰፈሩ ማፍያ ይቀዳ ነበር። ያ ችግር ካለፈ በኋላም ልማዱ ፍቅር ሆኖ ቀረ። ከቼንግዱ ወደ ቾንግቺንግ በሰዓት እስከ 350 ኪሎ ሜትር የሚበርረው፣ በአንድ ሰዓት ግድም የሚያደርሰው ባቡር እንኳ በሠረገላው ጫፍ የፈላ ውሃ ማሽኑን አልተወም፤ መንገደኛውም ባቡሩ ገና ሳይነሣ ኮዳውን ይዞ ይሰለፋል።

ሲመሽ ደግሞ የእናቶች ሰዓት ይሆናል። ከእራት በኋላ በየአደባባዩ፣ በየሕንፃው ፊት፣ በየድልድዩ ሥር አንድ ድምፅ ማጉያ ይቀመጣል፤ ሃያም ሆኑ መቶ ሴቶች ተሰልፈው በአንድነት ይጨፍራሉ። አዲስ የመጣች ሴት ፈቃድ አትጠይቅም፣ መዝገብ አትፈርምም፤ ከኋለኛው ረድፍ ቆማ የፊተኞቹን እግር እያየች ትከተላለች፣ እያደርም ወደ ፊት ትራመዳለች። ብዙ ጊዜ ከሩቅ ቆሜ የማያቸው በእውነተኛ ደስታ ነው። እነዚህ ሴቶች ገና ብርቱ ሆነው ሳለ እንዲህ ያለ ሰፊ ጊዜ ያገኙት ከሕጉ የተነሣ ነው፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የፋብሪካ ሠራተኛ ሴት በ50፣ በቢሮ የምትሠራዋ በ55፣ ወንዱ በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ቈይቷልና፤ ዕድሜው በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ማለት የጀመረው ከ2025 መባቻ ወዲህ ነው። ቀን የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት በር ይቀበላሉ፣ ያበላሉ፣ ያስጠናሉ፤ ሲመሽ ግን ሰዓቱ የራሳቸው ነው። የጎረቤቱ ክስ ደግሞ አይጠፋም፤ ዜማው ሕፃን ይቀሰቅሳል፣ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ያውካል እየተባለ ብዙ ጭቅጭቅ ከተነሣ በኋላ፣ በ2022 የጸናው የድምፅ ብክለት ሕግ በአደባባይ የሚደረገውንም ጭፈራ በሰዓትና በመጠን እንዲወሰን አድርጎታል። የጎረቤቱ ክስ እውነት አለው፤ ፍርድ ስጥ ብባል ግን ወደ እናቶቹ አደላለሁ። ዕድሜ ልኳን ለሌላው ስትሠራ የኖረች ሴት ሲመሽ በአደባባይ አንድ ሰዓት ብትደሰት ከተማው ሁሉ ሊታገሣት ይገባል፤ የአዲስ አበባ እናቶችም እንዲህ ያለ ሰዓትና እንዲህ ያለ ስፍራ ቢኖራቸው ምንኛ በወደድሁ!

ከጭፈራው ራቅ ብሎ የወላጆች ጭንቀት ይታያል። በብዙ ከተሞች መናፈሻ፣ ከሁሉም ይልቅ በሻንጋይ፣ አባቶችና እናቶች የልጃቸውን ዕድሜ፣ ቁመት፣ ትምህርት፣ ሥራና ቤት በወረቀት ጽፈው ያሳያሉ፤ የሻንጋዮቹ ወረቀቱን በተዘረጋ ጃንጥላ ላይ ይሰኩታል፤ አላፊ አግዳሚው ወላጅም ያነባል፣ ይጠይቃል። ልጁ ብዙ ጊዜ ነገሩን አያውቅም፤ ቢያውቅም አይወድም። እስከ 2015 ድረስ በጸናው ሕግ ምክንያት ብዙ ቤተ ሰብ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ስለ ሆነ፣ የወላጅ ተስፋ ሁሉ በዚያው በአንዱ ላይ ያርፋል። ሽማግሌ ልኮ ለሚዳር ሕዝብ ልጅ ይህ ጭንቀት እንግዳ አይደለም።

ስለ ገንዘብም ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። ከሰፈሬ ማዕዘን ጎመንና ዝንጅብል የሚሸጡት አሮጊት ዋጋውን በአንድ እጃቸው ጣቶች ያሳያሉ፤ በዚህ አገር ከአንድ እስከ ዐሥር በአንድ እጅ ይቈጠራልና፣ ስድስት በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት፣ ስምንት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይገለጣል። ገዢው ስልኩን አውጥቶ ከሚዛኑ ላይ የተንጠለጠለውን ኪው አር ኮድ ያነሣል፤ ወዲያው ከቅርጫቱ ሥር ያለችው ትንሽ ሣጥን ይህን ያህል ዩዋን ገብቷል ብላ ትናገራለች። የወረቀት ገንዘብ ሳይነኩ ወራት ማሳለፍ የሚቻልባት ይህችው ቼንግዱ፣ የወረቀት ገንዘብ የተወለደባት ከተማ መሆኗ ምንኛ ያስደንቃል! በሶንግ ነገሥታት ዘመን የሲቹዋን ሕዝብ የሚገበያየው በብረት ገንዘብ ነበር፤ ብረቱ ከባድ፣ ዋጋው ግን ቀላል ስለ ነበረ፣ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን ለታመነ ቤት በአደራ ሰጥተው በወረቀት ደረሰኝ መገበያየት ጀመሩ። በኋላ መንግሥት ሥራውን ወደ ራሱ ወስዶ በ1024 ጂያውዚ የተባለውን ወረቀት አወጣ፤ መንግሥት ካወጣቸው የወረቀት ገንዘቦች ሁሉ የመጀመሪያው እርሱ ነው። በከተማዋ ደቡብ የታላላቅ ባንኮች ሕንፃዎች የተሰለፉበት ጎዳና ዛሬ በዚያ ወረቀት ስም ይጠራል።

አሁን ወደ ማዕዱ ልምጣ። የቻይና ማዕድ ክብ ነው፤ ወጡ በመካከል ይቀመጣል፣ ሁሉም ከአንዱ ሳሕን ይቋደሳል። ጋባዡ ከዓሣው ሥጋ የተሻለውን መርጦ በእንግዳው ሳሕን ላይ ያኖራል፤ እንቢ ቢሉት ይጨምራል። የጉርሻን ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ይህን መረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። የሲቹዋን ሰው ያለ በርበሬ አይበላም፤ ያ በርበሬ ደግሞ ወደ እኛም ወደ እነርሱም የመጣው ከአንድ ቦታ፣ ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ዛሬ ግን ሁለቱም ሕዝብ ከአባቶቹ የወረሰው አድርጎ ይመካበታል። የእነርሱ የተለየ ሀብት ምላስን የሚያደነዝዘው የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ ነው። ጽዋ ሲያጋጩ ታናሹ የጽዋውን አፍ ከታላቁ ጽዋ ዝቅ ያደርጋል፤ ሁለቱም ትሑታን የሆኑ እንደ ሆነ እርስ በርሳቸው ዝቅ ሲሉ ዝቅ ሲሉ ጽዋቸው ጠረጴዛውን ይነካል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሒሳቡ ሰዓት ነው። «እኔ እከፍላለሁ፤ የለም፣ እኔ ነኝ» በሚል ክርክር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ቦርሳ ይነጣጠቃሉ፤ ብልኁ ሰው እጁን ሊታጠብ የተነሣ መስሎ አስቀድሞ ከፍሎ ይመለሳል። «በሞቴ» በሚለው መሐላ ሒሳብ ሲከፈል ላየ ሰው ይህ ሁሉ የቤቱ ወግ ነው።

ዓመታቸውንም የሚቈጥሩበት ሥርዓት የአገሬን ሊቃውንት አስታውሶኛል። በሻይ ቤቱ የማውቃቸው አንድ ጡረተኛ መምህር የልደታቸውን ቀን የሚያከብሩት በጨረቃ አቈጣጠር ነው፤ እኔም በእኛ አገር ዓመቱ 13 ወር እንዳለው ብነግራቸው አልተደነቁም፤ «የእኛም አንዳንዱ ዓመት እንዲሁ ነው» ብለው እርሳስ አወጡ። የጨረቃው ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ግድም ስለሚያንስ፣ ወቅቱ እንዳይዛባ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ አንድ ሙሉ ወር ይጨመራል፤ በ2025 ስድስተኛው ወር ሁለት ጊዜ መጥቷል። በጥንቱ ሒሳባቸው በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጭማሪ ወራት ይገባሉ፤ ይህ 19 ዓመት በባሕረ ሐሳብ ንዑስ ቀመር የምንለው፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚወጡበት፣ ጾምና በዓል የሚታወቅበት ቍጥር ነው። ፀሐይና ጨረቃ ለሁሉ አንድ ናቸውና፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ የኖሩ ሊቃውንት በአንድ ቍጥር መገናኘታቸውን ለመምህሩ ባስረዳኋቸው ጊዜ ከወንበራቸው ተነሥተው ጽዋዬን በገዛ እጃቸው ሞሉልኝ።

ብዙ ነገር ሳልጽፍ ቀርቻለሁ፤ ከምሳ በኋላ ሠራተኛው የሚታጠፍ አልጋውን በቢሮው ዘርግቶ የሚያንቀላፋበትን ግማሽ ሰዓት፣ በማለዳ ትልቅ ብሩሽ በውሃ እየነከሩ በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚጽፉትን አረጋውያን፣ ጽሕፈቱም ወዲያው ሲደርቅ ሳያዝኑ ሌላ መጻፋቸውን። ወደ ቻይና ለትምህርትም ሆነ ለንግድ የምትመጡ ወገኖቼ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ሥራችሁን እንደ ጨረሳችሁ በሆቴላችሁ ክፍል አትቀመጡ። ሙቀት የሚይዝ ኮዳ ግዙና ማለዳ ወይም ሲመሽ ወደ መናፈሻ ውጡ፤ አረጋውያኑን በአክብሮት ሰላም በሉ፣ ሻይ ቢጋብዟችሁ እንቢ አትበሉ፣ ስለ አገራችሁም ንገሯቸው። ቼንግዱ የምትደርሱ ከሆነ፣ የሕዝብ መናፈሻው በምድር ውስጥ ባቡር 2ኛ መስመር ላይ በስሙ የተሰየመ ጣቢያ አለው፤ መግቢያውም ያለ ክፍያ ነው።